ከአስታው ላይ ያነሣሁት ድንጋይ

ደባርቅ ላይ የባነር ማተሚያ ማሽን ሲገባ ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ቀርቶኝ ነበር። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲከፍት «ጋሼ አድማሱ፣ መጥተው ይመርቁልኝ» ብሎ ጠራኝና ሄድሁ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ ሲያደርገው ማሽኑ አንዴ አጓራና ሦስት ሜትር «እንኳን ደህና መጡ» ተፋ። ያችን ለመጻፍ እኔ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፤ ያውም ዝናብ ካልመጣ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊት ፊቴን ያያል። እንዳዝን የጠበቁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ አለኝ፤ ከእኔም ይልቅ ወገቤ ደስ አለው። ዕድሜውን መሰላል ላይ የጨረሰ ወገብ በማሽን አይቀናም።

«ለመሆኑ በሥራ ዘመንዎ ስንት ታፔላ ጽፈው ይሆን?» አለኝ ባለሱቁ።

አልቆጠርሁም አልሁት። ስንት እንደጻፍሁ አላውቅም፤ የቱን መትከል እንዳልነበረብኝ ግን አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው። ከመነሻው ካልጀመርሁ ግን ነገሩ አይገባም።

ታፔላ መጻፍ የተማርሁት ዳባት፣ ከየኔታ ፈንታ ነው። የኔታ ብራና ይጽፉ የነበሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ፊደሉ ትልልቅ ወደሆነበት ሥራ ዞሩ። ሥራ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ቀለም አይነኩም። ዱላቸውን ይዘው ታፔላው ወደሚቆምበት ቦታ ይሄዳሉ። ከላይ በኩል ይመጡበታል፣ ከታች በኩል ይመጡበታል፣ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ያዩታል። ከዚያ አላፊ አግዳሚውን ያቆማሉ፦ «እንደምን ዋላችሁ፣ ይህን ቦታ ማን ትሉታላችሁ? ወዴትስ ያስኬዳል?» አንድ ሰው ጠይቀው አይመለሱም፤ ሦስት ሰው መሆን አለበት። ሥራውን ያዘዘው ባለሱቅ ትዕግሥቱ ያልቃል።

«የኔታ፣ የሱቄን ስም ነግሬዎት የለም እንዴ?»

«የሱቅህንማ ስም አንተ ታውቃለህ። ቦታውን የሚያውቀው ግን መንገደኛው ነው» ይሉታል።

እኔን ደግሞ እየደጋገሙ «ታፔላ የሚጻፈው በእግር ነው፤ ብሩሽ መገልበጫ ነው» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁና እግር እግራቸውን ስከተል ቀኑ የባከነ ይመስለኝ ነበር።

እጃቸው ግን እጅ ነበር። ላሜራውን በአሸዋ ወረቀት ፍቀን ፀረ ዝገት እንቀባዋለን፤ ከደረቀ በኋላ ክር በጠመኔ አሽተን ወጥረን እናፈናጥራለን፤ መሥመሩ ይቀመጣል። መሥመር ላይ መቆም ብቻውን አይበቃም። «በ» እና «ሰ» እግራቸውን ከፍተው ቦታ ይይዛሉ፣ «ነ» እና «ገ» ቀጫጭን ናቸው፤ በማስመሪያ እኩል ብታራርቃቸው ዓይን ላይ እኩል አይሆኑም። ስለዚህ የኔታ ማስመሪያ አይወዱም። መንገዱን ተሻግረው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ባዶ ያያሉ። እግሩ የተንጋደደ ካገኙ «ይኸ ፊደል ጠጥቶ ነው የመጣ» ብለው ያስደመስሱኛል። ብሩሻቸውን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ አጥበው፣ ጫፉን በሳሙና አሹለው ሳያስቀምጡ እራት አይቀምሱም።

አንድ ጊዜ ዳባት ገበያ ዳር ጠላ የሚሸጡ እትዬ ታፔላ አዘዙን። «ጠላ ቤት» ብለን በቀይ ጻፍንላቸው። እትዬ በአዲሱ ታፔላ ኮርተው፣ ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ተሰቅላ የኖረችውን ጣሳ አውርደው ጣሏት። በሳምንቱ እያለቀሱ መጡ። የገበያተኛው ዓይን የሚፈልገው ጣሳዋን ነው፤ ጣሳ ካጣ ጠላው አልቋል ብሎ ያልፋል። የኔታ ሥቀው አላበቁም። ጣሳዋን ፈልገው ራሳቸው ከታፔላው በላይ ሰቀሏትና «የቆየውን ሰው ሳትጠይቁ አታሰናብቱ» አሏቸው።

መንግሥት ሲለወጥ ሥራ እንደ ጉድ ፈላ። ቢሮው ሁሉ አዲስ ስም፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ታፔላ ይፈልጋል። ደባርቅ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠርሁ። ደመወዙ የሚወራለት አይደለም፤ ዕቃ ለማስወጣት የሚፈረመው ወረቀት ግን ከቀለሙ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ መጻፍ ሳይሆን ማጥፋት ሆነ፦ የድሮውን መፈክር ከግድግዳ ላይ በኖራ መሸፈን። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ኖራውን ያጥበውና ቀያዮቹ ፊደሎች ብቅ ይላሉ። አለቃዬ «አድማሱ፣ ዛሬም ተነሥተዋልና ሂድ ቅበራቸው» ይለኛል። ሦስት ክረምት ቀበርኋቸው።

ኋላ ቱሪስቱ በዛ። አንድ ፕሮጀክት መጣና በተራራው ላይ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ ማዶ ባሉት የእግር መንገዶች ላይ አቅጣጫ የሚያሳዩ ታፔላዎች ይተከሉ ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱ እኔን አዋሰ። አስተባባሪው አቶ ምትኩ ይባላል፤ ከጎንደር የመጣ፣ ሩጫ የበዛበት፣ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው። ካርታ ዘርግቶ አሥራ ሁለት ቦታ በእርሳስ ነቆጠ።

«ምረቃው ደርሷል፤ እንግዶች ይመጣሉ። ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ይሁን፣ ቀስቱ ጎላ ይበል» አለኝ።

«ቦታውን ቀድሜ ልየው?»

«ካርታው አይቶልሃል፣ አድማሱ።»

ሣቅሁ። የኔታ በሕይወት የሉም፤ ማን ይታዘበኛል? ታፔላዎቹን ደባርቅ ቁጭ ብዬ ጨረስኋቸው። በጣም ያምሩ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያንን አልክድም።

በበቅሎ ጭነን ወጣን። በቅሎ ነጂው ዋኘው የደባርቅ ሰው ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ አንደበቱ የማያርፍ። በአራተኛው ቀን ከአምቢኮ መንደር ወጣ ብሎ መንገዱ ለሁለት ወደሚከፈልበት ደረስን። የላይኛው የገደሉን አፍ ታክኮ በአቋራጭ ይሄዳል፤ የታችኛው ዞሮ ይወርዳል። ካርታው የላይኛውን ይላል። ዋኘው በቅሎዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

የላይኛው መንገድ አፍ ላይ የአስታ ቅርንጫፍ ተጋድሟል፤ አስታ ማለት እዚያ ብርድ ላይ የሚበቅለው ጥድ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ቅርንጫፉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ላዩ ላይ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ተጭኗል።

እንግዳ ሰው ቢሆን አላወቀም ይባልለት ነበር። እኔ ግን የአገሩ ልጅ ነኝ። መንገድ ሲከፈል ቀድሞ የሄደ ሰው በማይኬድበት አፍ ላይ ቅጠል እንደሚጥል አውቃለሁ፤ ለኋለኛው «በዚህ አትምጣ» ማለቱ ነው። እኛ ዳባት በኩል ቅጠሉ እርጥብ እስከሆነ ቃል ነው፤ ከደረቀ ግን ጊዜው አልፏል፣ የጣለውም ሰው ቤቱ ገብቷል። እኔም በዳባት ዓይን አየሁትና ያለቀ ነገር ነው አልሁ። እዚያ ላይ ግን ውርጩ ቅጠል ለማድረቅ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ሰዎቹ ድንጋይ ይጭኑበታል። ድንጋዩ እስካለ ቃሉ አለ፤ የሚያነሣውም የዘጋው ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ በቂ ነበር። መንደሩ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አልጠየቅሁም።

ቅርንጫፉን ሰባብሬ እሳት አነደድሁበት፤ ሻይ አፈላሁ። ድንጋዩ ለእንጨቴ ጉድጓድ ልክ ሆነልኝ፤ ውሻል አድርጌ አጠበቅሁበትና አፈር መለስሁበት። ዋኘው ሲመጣ ታፔላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሻዩን ጠጣንና ወደሚቀጥለው ሄድን።

ክረምቱ የላይኛውን መንገድ ከሥሩ ቦርቡሮት ኖሯል። ላዩ ጤነኛ ይመስላል። ታፔላውን በተከልሁ በአራተኛው ቀን ወይዘሮ አንጓች የምትባል የአምቢኮ ሴት በቅሎዋን እየጎተተች ከገበያ ስትመለስ ጉም ወረደ። መንታው መንገድ ላይ ቆማ ቅርንጫፉን በእጇ ዳበሰች። የለም። መንገዱን አበጅተውት ከፍተውታል ብላ ገባችበት። ጠርዙ ተናደ። በቅሎዋ ገደል ገባች፤ አንጓች አንድ እርከን ላይ ቀረች፣ ጭኗ ተሰብሮ።

ይህን የሰማሁት ከደባርቅ ገበያ ነው፤ አደጋው ከደረሰ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ነጋሪዬ ዋኘው ነበር።

«አያ አድማሱ፣ አምቢኮ ላይ አገር ታምሷል እኮ። የተዘጋ መንገድ ላይ የተጫነ ድንጋይ ሰው አንሥቶ ሴት አሰበረ። አውጫጭኝ ተቀምጠዋል።»

አውጫጭኝ አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ የሚጠያየቅበት ሸንጎ ነው።

«ማንን ጠረጠሩ?» አልሁት።

«እሸቴ የሚሉትን። ከአንጓች ቤት ጋር በድንበር ይካሰሳል፤ በዚያ ሰሞን መንታው መንገድ አጠገብ እንጨት ሲቆርጥ ታይቷል። አላነሣሁም ብሎ ቢምልም ማን ሰምቶት። ሰላምታ ነሥተውታል። ወንድሟ ደግሞ ጠመንጃውን ወልውሏል አሉ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ያቺን ሻይ ያፈላንባት አስታ ደረቅ ነበረች፣ አይደል?»

ነበረች አልሁት።

በዚያው ቀን መሄድ ነበረብኝ። አልሄድሁም። መጀመሪያ ወደ አቶ ምትኩ ሄድሁ። የሆነውን ነገርሁት። «ታፔላው እኮ የተተከለው ወረቀቱ እንዳለው ነው። አሁን ይህን ብንናገር ምረቃውም ፕሮጀክቱም ያልቅለታል። ነገሩ ይብረድ፤ ሴትዮዋን በሌላ መንገድ እንረዳታለን» አለኝ። አልፈርድበትም፤ እሱ ድንጋዩን አላየውም። ያየሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ይብረድ የምትለዋን ቃል ግን ወደድኋት፤ ይዣት ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን ይዣት ተቀመጥሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል? እህል አልወርድ አለህ» ስትለኝ ሆዴን አመመኝ አልኋት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። ጠመንጃውንም፣ እንጀራዬን ማጣቱንም፣ ከሁሉ በላይ ግን «ፊደል የሚያውቀው ሰውዬ» የሚለው ስሜ መበላሸቱን ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ዋኘውን ይዤ ተነሣሁ፤ ታፔላ ስላልተከልን መንገዱ ሁለት ቀን ብቻ ፈጀብን። ስንደርስ ሸንጎው በሁለተኛ ዙሩ ላይ ነበር፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ሣር ላይ ተቀምጧል። የሚመሩት መምሬ ዋለ የሚባሉ አረጋዊ ቄስ ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ፣ እጅ ነሥቼ መሐል ቆምሁ።

«አባቴ፣ ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

መምሬ ዋለ መቋሚያቸውን አስተካከሉ።

«አላየኸውም ነበር፣ ልጄ?»

«አይቼዋለሁ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ብለህ አነሣኸው?»

«አስታው ደርቆ አየሁትና ያለፈበት መሰለኝ። ድንጋዩን ለታፔላዬ ውሻል አደረግሁት። አሁንም እግሩ ሥር ተቀብሯል፤ ሂዳችሁ ቆፍሩ።»

ሁለት ሰዎች ሄደው ቆፍረው ይዘውት መጡ። ከሸንጎው መሐል አስቀመጡት። የአንጓች ወንድም ብድግ አለ፤ ወደ እኔ ግን አልመጣም። ድንጋዩን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ተቀመጠ።

«እሸቴ የት አለ? ይቅርታ ልጠይቀው» አልሁ።

መልሱን የሰጡኝ መምሬ ዋለ ናቸው።

«ከአራት ቀን በፊት ቤቱን ዘግቶ ሄደ። ሁለቱን ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ሚስቱን ይዞ። ድብ ባሕር ላይ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ታይተዋል፤ ወደ ቆላ ነው ይላሉ። ሰላም የሚለው ሰው ባጣበት አገር ምን ብሎ ይቀመጥ?»

ከአራት ቀን በፊት እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኝቼ ነበር።

ወደ አንጓች ቤት ወሰዱኝ። ወጌሻ ጭኗን በቀርከሃ አስሮላት መደብ ላይ ተጋድማለች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ዓይነ ብርቱ ሴት ናት። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አለችኝ። «እኔ የማነበው እንጨትና ድንጋይ ነው። አንተ ግን የተማርህ ነህ፣ ታነባለህ ይሉኛል።»

እዚያው አለቀስሁ። ማልቀሴን ለመደበቅም አልሞከርሁም።

ሽማግሌዎቹ አስታረቁን፤ ካሣውንም ከፈልሁ። ታፔላዬን በገዛ እጄ ነቅዬ አወረድሁት፤ የአምቢኮ ሰዎችም አዲስ አስታ ቆርጠው ድንጋዩን መንታው ላይ መለሱት። አቶ ምትኩ ሲሰማ ተቆጣ፤ ቢሆንም በሌላው ወር ራሱ መጥቶ አንጓችን ጠየቃት፣ በቅሎም ገዝቶ ሰጣት። የቀሩትን አሥራ አንድ ቦታዎች እንደገና በእግሬ ዞርኋቸው፣ በየቦታው ሦስት ሦስት ሰው እየጠየቅሁ። አራቱን ወዲያና ወዲህ አዛወርኋቸው። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ዘገምተኛ ነው ተብሎ በግምገማ ሁለት ጊዜ ተነሥቶብኛል። አልከራከርሁም።

እሸቴን ግን አላገኘሁትም። ወደ ቆላ የሚወርደውን ሾፌር ሁሉ ለመንሁ፤ ደብዳቤ ላክሁ። አንዱ ሰሊጥ አጨዳ ላይ አየሁት አለኝ፤ ሌላው ወደ መተማ አልፏል አለ። ይባስ ብሎ ከአምቢኮ ሰዎች አንዳንዱ አላመነኝም። «ከተሜው ተከፍሎት ነው የመሰከረ፤ እሸቴ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ለምን ሸሸ?» ይሉ ነበር። አንጓች እግሯ አጥሮ ቀረ፤ እያነከሰች ደባርቅ ገበያ ስትመጣ ቤቴ ጎራ ትላለች። ከባለቤቴ ጋር ከእኔ ይልቅ ይዋደዳሉ። እንደምን ነሽ ስላት ከመቀመጧ በፊት «ከእሸቴ ወሬ አለ?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ ላስረክብ ቢሮ ሄድሁ። እዚያ ትዕግሥት የምትባል፣ ስለ ጎብኚዎች የምትሠራ ወጣት ባልደረባ አለችን። ስልኳን ይዛ እየሣቀች መጣች።

«ጋሼ፣ ይኼ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

መነጽሬን አደረግሁ። ካርታ ነው። አምቢኮን አገኘሁት፤ ከሱ ወጣ ብሎ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል አየሁ። መንታው ላይ አንዲት ቀይ ምልክት ቆማለች፤ ጽሑፉ «አድማሱ ድንጋይ» ይላል።

የአገሩ ሰው ቦታውን እንዲያ ብሎ እንደሚጠራው አላውቅም ነበር። በኔ ፊት አይሉትማ።

«አስጎብኚዎቹ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ?» አለች ትዕግሥት። «ድሮ አድማሱ የሚባል ጉልበተኛ ብቻውን ያነሣው ድንጋይ ነው ይላሉ። ፈረንጆቹ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ!»

«ማንሣቱንስ አንሥቼዋለሁ» አልኋትና ተቀምጬ ነገሩን በሙሉ ነገርኋት። ሣቋ ጠፋ።

«ላጥፋው? ማስተካከል ይቻላል እኮ፣ ጋሼ። ስሙን መለወጥም ይቻላል፤ ከሥሩ ማብራሪያ መጻፍም ይቻላል። ማንም ስልኩን የከፈተ ያነበዋል፤ አዲስ አበባም ይሁን መተማ።»

መተማ ስትል እሸቴን አሰብሁ።

«ስሙ ይቆይ፤ ያወጡልኝ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ አልሰርዘውም» አልኋት። «ከሥሩ ግን እንጻፍ። የአንጓችን ስም ለማስገባት መጀመሪያ እሷን መጠየቅ አለብን።»

የአንጓች ልጅ ስልክ አላት፤ ደወልን። ትዕግሥት ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ለአንጓች ስለ ካርታው ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ «አገር ሁሉ የሚያየው ወረቀት ነው፣ ስልክ ውስጥ ያለ» አልኋት። አንጓችም ጠየቀችኝ።

«እሸቴ ያለበትም አገር ይታያል?»

«ይታያል።»

«እንግዲያስ የኔን ስም ተዉት። እኔ እዚሁ ነኝ፤ የፈለገኝ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ያገኘኛል። እሸቴ ነው የጠፋ። የሱን ጻፉልኝ። አልነካውም በሉ።»

ትዕግሥት ጻፈች። አንብቢልኝ አልኋት፤ አነበበችልኝ፦ «ይህን ድንጋይ ከመንገዱ ላይ ያነሣው ታፔላ ጸሐፊው አድማሱ ነው። የአምቢኮው እሸቴ አልነካውም። አገሩ ይጠብቀዋል።» የመጨረሻዋን ከራሷ ጨምራባት ነው። አንጓች በስልኩ ውስጥ «እሰይ፣ ልጄ» አለች።

«በእንግሊዝኛም ልጨምርበት?» አለችኝ ትዕግሥት።

እሱ በኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ የአማርኛው ይቀመጥ አልኋት። እሸቴ ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ልጆቹ ግን ይችላሉ።